ትርፉ ያልተቆረጠው ቀሚስ

ልጄ ቤዛ ባለፈው ሳምንት ከፎቶ ኮፒ ቤት አንድ ክምር ወረቀት ታቅፋ መጣችና ሳሎኑን ያዘችው። ወንበሮቹን ወደ ግድግዳ ገፋች፤ ምንጣፉን ጠቀለለች፤ ከዚያ ወረቀቶቹን ሲሚንቶው ላይ እየደረደረች በፕላስተር ታጣብቅ ጀመር። ምንድን ነው ስላት የቀሚስ ፓተርን ነው፣ ጨርቅ የሚቀደድበት ልክ፣ አለችኝ። ኔትወርክ የመጣ ቀን ከስልኳ ላይ አውርዳው ኖሯል። ዩኒቨርሲቲው እስኪጠራቸው ብላ ቤት ከተቀመጠች ቆየች፤ መንገዱ ሲከፈት ይጠሩናል ትላለች፤ መንገዱም ይከፈታል፤ ሳይጠሯት መልሶ ይዘጋል። እጄን አጣጥፌ ከምቀመጥ ብላ ስፌት ይዛለች። ፍኖተ ሰላም ውስጥ የተሰፋ ልብስ በየሱቁ ተሰቅሎ እያለ፣ ሴት ልጅ ቤቷ ቁጭ ብላ ከወረቀት ላይ ቀሚስ ስትቀድ ካየሁ ሠላሳ ምናምን ዓመት ሆኖኛል። ወረቀቱ ከማሽኑ ሲወጣ የያዘው ሽታ ገና አልለቀቀውም ነበር። እሱ ሸተተኝና ሐሳቤ ቡሬ ሄደ።

እታለም የምላት ታላቅ እህቴ የሻረግ፣ መስኮቱ ሥር ወንበሯ ላይ ነበረች። እሷም ወረቀቱን አየችው። ምንም አላለችም፤ እኔም ምንም አላልኳት። ቤታችን እንዲህ ነው። ቤዛ እናንተን አንድ ላይ ማስቀመጥ ሁለት ድንጋይ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው ትለናለች፤ አልተሳሳተችም። እኔ ከድሮም ለቅሶ ቤት ገብቼ እንባ የማይመጣልኝ ሰው ነኝ፤ ሴቶቹ ደረቋ ይሉኛል። እታለም ግን እንዲህ አልነበረችም። ቡሬ ሳለች ሳቋ መንገድ ይሻገር ነበር።

ያኔ እሷ ቤት ተቀምጬ እማር ነበር። ቤቷ የነቀምቴው መንገድ ከአውራ ጎዳናው ከሚገነጠልበት ትንሽ ዝቅ ብሎ ነበር፤ ቆርቆሮ ክዳን ሆኖ በረንዳው ሰማያዊ ቀለም የተቀባ። ከፊት ለፊታችን ጨርቅ ነጋዴዎቹ ነበሩ። ቴትሮኑ፣ ፖፕሊኑ፣ ከፋዩ በጣቃ በጣቃ በር ላይ ተደግፎ ይቆማል፤ አቡጀዲው ከውስጥ ነው፤ ለመግነዝ ስለሚፈለግ በር ላይ አያቆሙትም። አንድ ሜትር ፖፕሊን ከሁለት ብር ብዙም አያልፍም ነበር፤ ዛሬ በዚያ ብር ቁልፍ እንኳ የሚሰጥ የለም። የዘነጠች ሴት የምትባለው ወገቡ የታወቀ ሙሉ ቀሚስ ለብሳ፣ በነጭ ካልሲ ላይ ኮንጎ ጫማ ተጫምታ ወደ ገበያ የምትወርደዋ ናት። ወገቡ የታወቀ ቀሚስ ግን ቡሬ ውስጥ ማግኘት ቀላል አልነበረም። ሰፊዎቹ ሁሉ ወንዶች ናቸው። በየሱቁ በረንዳ መኪናቸውን እየረገጡ ይውላሉ፤ ሴት መጥታ ስትቆም ሜትሩን ከነጠላዋ በላይ ያሳልፉና ደረቷ ላይ ሲደርሱ ለጨዋነት ፊታቸውን ወደ ጎዳናው ያዞራሉ። ፊቱን አዙሮ የለካ ሰው የሚሰፋው ምን እንደሚሆን የታወቀ ነው። የከተማው ሴት ሁሉ ጆንያ ለብሳ ትዞር ነበር።

የእታለም ባል በላይነህ ይባላል። ቤተሰቦቹ ከቡሬ ወጣ ብሎ ያሉ አገዎች ናቸው፤ እሱ ወፍጮ ቤት ነበር የሚሠራው፤ ሲመጣ ቅንድቡ ሳይቀር ዱቄት ነው። ባልና ሚስት መሆናቸው ከሰው ፊት አይታይም ነበር፤ ማታ ማታ ግን መጋረጃው ወዲያ ሲሳሳቁ እሰማቸዋለሁ፤ እኔም የማጠና መስዬ እሰማለሁ። በእጅ የሚሽከረከር የስፌት መኪና የገዛላት እሱ ነው። ብዙም ሳይቆይ ለዘመቻ ወሰዱት። የሄደው ወደ ሰሜን ነው። ሁለት ክረምት ካለፈ በኋላ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር በራችን ላይ ቆሞ የሻረግን ጠየቀ። ከአሥመራ እንደመጣ፣ በላይነህን እዚያ እንዳገኘው፣ ደኅና እንደሆነ ነገረንና ከጃኬቱ ኪስ አንድ ፖስታ የሚያህል እሽግ አወጣ።

"ይህን ሰፍተሽ ልበሺና ተቀበዪኝ ብሎሻል" አላት።

እሽጉ ላይ የአንዲት ፈረንጅ ሥዕል አለ። አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ ቢጫ ቀሚስ ለብሳ ቆማለች። ውስጡ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ፣ ስንነካው የሚንኮሻኮሽ ወረቀት ታጥፎ ታጥፎ ተቀምጧል፤ ከላዩ መስመርና ነጠብጣብ፣ ቁጥርና የእንግሊዝኛ ጽሑፍ። እንግሊዝኛዬ የክፍል ውስጥ እንግሊዝኛ ነበር፤ ይህ መጽሐፍ ነው ለማለት እንጂ ቀሚስ ለመስፋት አይሆንም። ወረቀቱን መሬት ላይ ዘርግተን ስናየው የሴትዮዋ አካል ግማሹ ብቻ ነው ያለው። እታለም ግማሹን ሾፌሩ ጥሎት ይሆናል ብላ ተናደደች። ጨርቁ እንደ ነጠላ ሁለት ታጥፎ ወረቀቱ እጥፋቱ ላይ እንደሚቀመጥ እስኪገባን ድረስ ያንን ሾፌር ስንረግመው ሰነበትን። ጎረቤት አንዳንዷ መጥታ ታየንና "ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች" ብላን ትወጣለች። እታለም ትስቃለች።

ጨርቁ ሰማያዊ ፖፕሊን ነበር፤ ነጫጭ አበባ ያለበት። ወረቀቱ እንዳይንቀሳቀስ የወፍጮ መጅ በአራቱ ጥግ አስቀመጥንበት፤ ስፒል ስላልነበረን ከአጥር የለቀምነው የአጋም እሾህ ወጋንበት። መስመሩን በሳሙና ስባሪ አሰመርን። እዚህ ድረስ ወረቀቱ እንዳለው ነው የሄድነው። መቀስ ሲመጣ ግን እታለም ቀጥ አለች። እናታችን ሸማ በመቀስ ሲነካ ማየት የማትወድ ሴት ነበረች። የአገራችን ቀሚስ ቀጥ ቀጥ ብሎ የሚቀደድ ነው፤ ከሸማኔ እጅ የወጣ ጨርቅ ጥጉ እንኳ አይወድቅም፤ ጨርቅ እየከረከመች የምትጥል ሴት ቤቷን ትከረክማለች እየተባልን ነው ያደግነው። ይህ የፈረንጅ ወረቀት ደግሞ በብብት በኩል ክብ፣ በወገብ በኩል ገባ፣ በዳሌ በኩል ወጣ እያለ ከመስመሩ ውጭ ያለውን ሁሉ ጣዪው ይላል። እታለም መቀሱን ሁለት ሦስት ጊዜ አነሣችና አስቀመጠችው። በመጨረሻ ቀጥ ቀጥ አድርጋ ሰፋፊውን ቀደደችና መስመሩ ላይ ሰፍታ ትርፉን በሙሉ ወደ ውስጥ አስቀረችው። አንገቱን ብቻ የግዷን ቆረጠች፤ የብብቱንም እንዲታጠፍላት ጫር ጫር አደረገችው። ወረቀቱ ቁረጪ ይላል ብላት መኪናዋን ማሽከርከሯን ሳታቆም መለሰችልኝ።

"ወረቀቱ የሚያውቀው ሥዕሉ ላይ ያለችውን ነው። እኔን አያውቀኝም። ብወፍርስ? ብወልድስ?"

እንዲህ ሆኖ ቀሚሱ ውስጥ ሌላ ቀሚስ ሊወጣው የሚችል ጨርቅ ተከተተ። በከሰል ካውያ ብንተኩሰው ብንተኩሰው ጎኑ አብጦ አልመለስ አለ። ሲለብሱት ይከብዳል፤ ክረምት አይበርድበትም። ወገቡ ግን ልክ ነበር። እኔው ነኝ በገመድ ቋጠሮ የለካኋት፤ ፊቴን ሳላዞር። ለብሳው መስተዋት ፊት ስትቆም አንድ እጇን እንደ ፈረንጇ ወገቧ ላይ አደረገችና አየችኝ። እህቴን ቆንጆ ናት ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር፤ ያን ዕለት አሰብኩ።

ከዚያ የሆነውን ሁሉም የሚያውቀው ነው። መንግሥት ተለወጠና ወታደሩ በእግሩ ይመለስ ጀመር። በባሕር ዳር በኩል፣ በዱርቤቴ በኩል አልፎ ቡሬ ይገባል። ከፊሉ ጫማ የለውም፤ ከፊሉ የሴት ሻርፕ ራሱ ላይ ጠምጥሟል፤ ሁሉም ዝም ብሎ ነው የሚሄድ። ሰዉ ቆሎና ጠላ ይዞ መንገድ ዳር ይቆማል፤ የየራሱን ሰው ፊት ይፈልጋል። እታለም ያን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ ቆመች። ሲመሽ ታወልቀዋለች፤ ትተኩሰዋለች፤ ጧት መልሳ ትለብሰዋለች። ከተዘረፈው የመንግሥት ግምጃ ቤት ዕቃ እየወጣ በየሜዳው ይሸጥ ነበር፤ ከአንድ ሱቅ ውስጥ ሬድዮ የአዲሱን ዘመን ዘፈን ይለቃል፤ የመጣላቸው ቤቶች እልል ይላሉ። እኛ እንቆማለን። አንድ ቀን አንድ ቀጭን ልጅ የበላይነህን ስም ስትጠራ ሰማትና ቆመ። ዱርቤቴ ድረስ አብረን ነበርን አላት። ገበያው አካባቢ ውኃ ልጠጣ ብሎ ወደ ሰው ቤት ገባ፤ እኔ ቀድሜ መጣሁ፤ ከኋላዬ አለ አላት።

ከኋላዬ አለ የሚለው ቃል ነው እህቴን የጨረሳት። ሰሜን ላይ ቀርቷል ቢሏት ታለቅስና ይወጣላት ነበር። ዱርቤቴ ማለት ግን ደጃፍ ነው፤ ሰው በደጃፉ አይጠፋም። ዱርቤቴ ሄደን ቤት ለቤት ጠየቅን፤ ውኃ አጠጣሁ የሚል ሰው አልተገኘም፤ ቀበርኩ የሚልም አልተገኘም። ቡሬ ውስጥ የሌላ ሌላው ሰው መርዶ መነገር ጀመረ። ጎህ ሳይቀድ ሽማግሌዎች ተሰብስበው በር ይመታሉ፤ ከዚያ ጩኸት ነው። እኔና እታለም መደባችን ላይ ተጋድመን እግራቸው ወዴት እንደሚያመራ እናዳምጣለን። እኛ በር አልመጡም። መርዶ የሚያመጡት የባል ዘመዶች ናቸው፤ የበላይነህ እናት ደግሞ ልጄ አልሞተም፤ ያላዩት ሬሳ አይለቀስም ብለው አጥብቀው ያዙ። ገበያ ቀን እየመጡ በአገውኛ ለራሳቸው ሲያወሩ ይውሉና ለምራታቸው ግን በአማርኛ "አይዞሽ፣ ይመጣል" ብለዋት ይሄዳሉ። እንዲህ እያሉ ሞቱ። መርዶ ያልተነገራት ሴት ጥቁር አትለብስም፤ ፍትሐት አታስፈታም፤ ተዝካር አታወጣም፤ ሌላ ባልም አታገባም። የጠየቋት ነበሩ፤ አንዱ መምህር ነበር፤ ደኅና ሰው። ባለ ባል ነኝ ብላ መለሰችው።

ቀን እስኪያልፍ ያለፋል ይላሉ። የእኛ አላልፍ አለ። እኔ አግብቼ ፍኖተ ሰላም ስመጣ እሷንም የስፌት መኪናዋንም ይዤ መጣሁ። በየዓመቱ እንቁጣጣሽ ሲቃረብ እታለም ሳጥኗን ትከፍትና ቀሚሱን ትለካዋለች። የወፈረች ዓመት ስፌቱን ተርትራ ከውስጡ ካለው ትርፍ ታወጣለታለች፤ የከሳች ዓመት መልሳ ታስገባዋለች። ዳሌዋ ሲሰፋ፣ ጡቷ ሲወርድ፣ ትከሻዋ ሲጎብጥ ቀሚሱ ተከተላት። ያ ሳይቆረጥ የቀረ ጨርቅ ሁሉንም ቻለ። ወደ ውጭ የወጣው ጨርቅ ፀሐይ ስላላየው ደማቅ ሰማያዊ ነው፤ የቀረው ነጣ ብሏል፤ እና በጎንና ጎኗ የዓመቶቹ መስመር ይታያል። ለብሳው ከቤት አትወጣም። ለክታ፣ ልክ መሆኑን አይታ፣ አጥፋ ታስቀምጠዋለች። መጀመሪያ አካባቢ ሳያት አንጀቴን ይበላኝ ነበር። ኋላ ኋላ እንደ ዘመን መለወጫ እጥበት ተለመደ። የሚያሳፍረው እሱ ነው፤ ግን እውነቱ ይኸው ነው፤ ምንም አይሰማኝም ነበር። አሁንማ በዚህ ሰሞን ደግሞ ልጁ የት እንደደረሰ የማያውቅ ቤት በየሰፈሩ አለ፤ ሰው ሲነግረኝ እሰማና ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ።

ቤዛ ቀሚሷን በወረቀቱ ልክ ቀደደች። ጨርቋን ስትቆርጥ ጉድ ነው፤ መቀሱ እንደ ባቡር አንዴ ከተነሣ አይቆምም። ሰፍታ ጨርሳ ደግሞ ከስፌቱ ውጭ ያለውን በጣት ስፋት እያስቀረች መከርከም ጀመረች። ቁርጥራጩ ወለሉ ላይ ተበተነ። እታለም ከወንበሯ ሆና ለረጅም ጊዜ አየቻት።

"ትርፉን ለምን ቆረጥሽው?" አለቻት።

"ምን ያደርጋል እትየ? ውስጥ ሆኖ ያብጣል እንጂ አይጠቅምም" አለች ቤዛ፣ ቀና ሳትል።

"ብትወፍሪስ?"

"ሌላ እሰፋለኋ።"

"ይኸኛውስ?"

"ይኸኛውማ ጊዜው አለፈ ይባላል" አለች ልጄ። በክፋት አይደለም፤ ጥያቄው ቀላል መስሏት ነው። ደግሞም ቀላል ነበር።

እታለም ጎንበስ ብላ ከቁርጥራጮቹ አንዱን አነሣች፤ በጣቷ አሸችውና መልሳ ጣለችው። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ ምስር እየለቀምን ሳለ ዐይኗን ከሰፌዱ ሳታነሣ ጠራችኝ።

"ጥሩዬ፣ ሰው እኮ አልነገረኝም።"

ምኑን እንደሆነ ገባኝ። ምስሩን መልቀሜን ቀጠልኩ።

"የበላይነህን። ይህን ሁሉ ዘመን አንድ ሰው በሬን አልመታም። የሚነግሩኝም አለቁ። አንቺ ንገሪኝ። እንዲሁ በወሬ አይደለም፤ በወጉ ንገሪኝ።"

"አሁን?" አልኳት።

"ጧት ነው እንጂ። መርዶ ጧት ነው" አለችና ጠጠሩን ከምስሩ ለይታ መወርወሯን ቀጠለች።

ወገግ ሲል ተነሣሁ። ነጠላዬን እንደ ሐዘንተኛ ጥለቱን ወደ አንገቴ አድርጌ አጣፋሁና ከገዛ ቤቴ ወጣሁ። ብቻዬን መመለስ ወግ ስላልሆነ ጎረቤታችንን አያ ደሴን ቀሰቀስኳቸው። ሽማግሌ ናቸው፤ የሰፈሩን መርዶ ሁሉ የሚናገሩት እሳቸው ናቸው። በር ላይ ቆሜ ነገሩን ስነግራቸው ይሥቃሉ ወይም ታማለች ይላሉ ብዬ ነበር። ጋቢያቸውን እያጣፉ ሰሙኝ።

"ታውቃለች?" አሉኝ።

"ታውቃለች።"

"እንግዲያው እንንገራታ" አሉና ከዘራቸውን አነሡ።

የራሴን በር አንኳኳሁ። እታለም ከፈተች። ፊቷን ታጥባ ጨርሳለች፤ ነጠላዋ ጥለቱ ወደ ታች ነው። ለሠላሳ ዓመት በልቤ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ሁላችን ሟች ነን የሚለው፣ እግዚአብሔር የሰጠውን ወሰደ የሚለው። አንዱም አልመጣም። "እታለም፣ በላይነህ ሞቷል" አልኳት። አያ ደሴ ባርኔጣቸውን አወለቁ። እሷ በሩን በአንድ እጇ እንደያዘች ቆየች፤ ከዚያ ነጠላዋን ቀስ ብላ ከላይዋ አነሣች፤ ገለበጠችው፤ ጥለቱን አንገቷ ላይ አደረገችው። ከዚያ በኋላ ነው የጮኸችው። የሰማሁት የአሮጊት ድምፅ አልነበረም፤ ያ ቡሬ መጋረጃው ወዲያ የምሰማው ድምፅ ነው። ደግፌ ያዝኳት። የምጠብቀው እንባ ለእኔ አሁንም አልመጣም፤ ክንዴ ላይ ግን ክብደቷ ነበር፤ እሱን ያዝኩ።

ቤዛ ከአልጋዋ ዘላ መጣች። ጎረቤት በየበሩ ወጣ። ማን ነው፣ ማን ሞተባችሁ ይላል፤ ባሏ እላለሁ፤ ባል እንዳላት የሚያውቅ ስለሌለ እርስ በርሱ ይተያያል፤ ግን ለቅሶ ለቅሶ ነውና ይገባል። ፀሐይ ሳይወጣ የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ለመልፈፍ መጣ። የሟቹን ስም ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። የየት አገር ሰው እንደሆነ ጠየቀኝ፤ የቡሬ አልኩት። መቼ እንዳረፈ ሲጠይቀኝ ቤዛም አያ ደሴም ምን ልትል ነው ብለው አዩኝ።

"ዛሬ ጧት" አልኩት።